የቢሮ እንግሊዝኛና የቤት እንግሊዝኛ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



እንግሊዝኛ ለእኛ የቢሮ ቋንቋ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ማለት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣውም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቋንቋው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚህም የተነሣ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ሪፖርት»ን፣ «ባጀት»ን፣ «ሰርኩላር»ን እንደ አማርኛ አድርጎ ይናገራቸዋል። ረቂቅ ደብዳቤ ሲሰጡት አርሞ ይመልሳል፤ የውጭ አገር እንግዳ በስብሰባ ላይ ቢገኝም ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ሳይንተባተብ ያስረዳዋል። ነገር ግን ይህንኑ ሰው «ጭልፋ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ወንፊትስ? ልብስ ማስጣትስ? የእኅትህ ልጅስ ምንህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ዝም ይላል።

ዝም ማለቱ ካለማወቅ የመጣ አይምሰላችሁ። እንግሊዝኛችን በጥቁር ሰሌዳ በኩል ገብቶ በመዝገብ ቤት በኩል አለፈ እንጂ ወደ ማድ ቤት አልዘለቀም። መምህራችን ስለ ዝናብ አመጣጥና ስለ ትልልቅ ወንዞች በእንግሊዝኛ አስተማሩን፤ ወደ ቤት ስንገባ ግን እናታችን «መጥረጊያውን አቀብለኝ» ያሉን በአማርኛ ነው። መጥረጊያውም እስከ ዛሬ ድረስ በአማርኛ ብቻ ቀረ።

አንድ የማውቀው ሰው፣ በመሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝኛው የሚመሰገን፣ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በአንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ማታ ማታ ከሴትዮዋ ጋር ስለ ዓለም ፖለቲካ ሲነጋገር አንደበቱ አይያዝም። አንድ ቀን የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ተደፍኖ ውሃው ወለሉን ሲሞላው ግን የገንዳውንም ስም፣ «ተደፈነ» የሚለውንም ቃል፣ የመወልወያውንም ስም ፈልጎ አጣው፤ ሴትዮዋን እጃቸውን ይዞ ወደ ማድ ቤቱ ከመውሰድ በቀር ሌላ መንገድ አላገኘም። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው፣ ሰው በባዕድ አገር ታሞ ሐኪሙ «በቤተሰብህ ይህ በሽታ የነበረበት ሰው አለን? ከማን ጋር ትኖራለህ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ ነው፤ ወይም ኤምባሲ ገብቶ ቅጽ ሲሞላ ከዘመዶቹ ስም አጠገብ የሚጽፈው ቃል ነው። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ጉድለት ሲያውቀው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ደብተር ይገዛል፤ ገጹን በመስመር ለሁለት ይከፍላል፤ በግራ አማርኛውን በቀኝ እንግሊዝኛውን ጽፎ ይሸመድዳል። ይህ ዘዴ ለበግና ለፈረስ፣ ለጨረቃና ለፀሐይ ይበቃል። ለቤት ቃል ግን አይበቃም። ምክንያቱም አማርኛና እንግሊዝኛ ቤቱንም፣ የቤቱንም ሥራ፣ የቤቱንም ሰዎች የሚከፋፍሉት በተለያየ መሥፈሪያ ስለ ሆነ ነው፤ በአንዱ አንድ የሆነው በሌላው ሦስት ይሆናል፤ በአንዱ አምስት የሆነው በሌላው አንድ ይሆናል።

መጀመሪያ «ቤት» የሚለውን የራሳችንን ቃል እንመልከት። በአማርኛ ቤት የማይሆን ነገር ጥቂት ነው። የምንኖርበት ቤት ነው፤ የምንተኛበት ክፍል መኝታ ቤት ነው፤ ምግብ የሚሠራበት ክፍልም ምግቡን የምትሠራው ሴትም ወጥ ቤት ይባላሉ፤ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ቡና ቤት እያልን እንሄዳለን፤ የጋብቻ ዝምድና ስንቆጥርም እስከ ሰባት ቤት እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም አውጥቶለታል። ግድግዳና ጣራ ያለው ሕንፃ «ሀውስ» ነው፤ ሰው የእኔ ብሎ የሚገባበት፣ እናቱ ወይም ልጆቹ የሚጠብቁበት ደግሞ «ሆም» ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ክፍል «ሩም» ነው። አንድ ነጋዴ አምስት «ሀውስ» ሊኖረው ይችላል፤ «ሆም» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። ወደ ቤት መሄድ «ጎ ሆም» ይባላል፤ በመካከሉ ወደ ለማለት የሚገባው «ቱ» የሚባለው ቃል እዚህ ላይ አይገባም። ብዙዎቻችን ከልማድ የተነሣ እናስገባዋለን።

ይህ ልዩነት ከባድ ስሕተት የሚያመጣው «የቤት ሥራ» ስንል ነው። በአማርኛ ተማሪው ከመምህሩ ተቀብሎ ማታ የሚሠራውም የቤት ሥራ ነው፤ እናቱ ከንጋት እስከ ማታ የምትደክምበትም የቤት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ የተማሪው «ሆምወርክ» ሲባል የእናቱ «ሀውስወርክ» ይባላል። «እናቴ ቀኑን ሙሉ ሆምወርክ ስትሠራ ትውላለች» ያለ ልጅ እናቱን ተማሪ ቤት አስገብቷታል ማለት ነው። «ሀውስወርክ» ከሚባለው ጠቅላላ ስም ሌላ ደግሞ እየተለየ የሚቆጠረው ሥራ፣ እንደ መጥረግ፣ እንደ ዕቃ ማጠብ ያለው፣ «ቾር» ይባላል። «ሀውስወርክ» እንደ ውሃ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርበትም። የቤት ዕቃ ማለት የሆነው «ፈርኒቸር»ም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን ግን «ፈርኒቸርስ» የሚል ማስታወቂያ በየሱቁ በር ላይ ማየት የተለመደ ነው።

ወጥ ቤቷን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሠራተኛውን ከግሡ ላይ «ኧር» የሚል ድምፅ ጨምሮ ስለሚጠራ፣ አስተማሪ «ቲቸር» ሾፌርም «ድራይቨር» ስለሚባል፣ ምግብ አብሳይም «ኩከር» ትሆናለች ብለን እንገምታለን። «ኩከር» ግን ምድጃው ነው፤ ሰውዬዋ «ኩክ» ናት። «ባለቤቴ ጥሩ ኩከር ናት» ብሎ ለእንግዳ የነገረ ሰው ሚስቱን ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር ቆጥሯታል። ማድ ቤትን «ኪችን» ዶሮን «ቺክን» ማለትስ? ይህን እንኳ ምላስን በማለማመድ እንጂ በማስረዳት አናሸንፈውም።

ከስሞቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት ግሦቹ ናቸው። ይህን ንግግር የምትሰሙት ራዲዮናችሁን ከፍታችሁ ነው፤ ሲያልቅም ትዘጉታላችሁ። በእንግሊዝኛ ግን ራዲዮን «ኦፕን» ያደረገ ሰው በመፍቻ ፈትቶ ሆዱን ያየ ሰው ነው። ራዲዮውም፣ መብራቱም፣ የውሃው ቧንቧም «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ይባላሉ። ስልክም አይዘጋም፤ «ሀንግ አፕ» ማለት መስቀል ነው፤ ይህም የመነጋገሪያው እጀታ በግድግዳ ላይ ካለው መንጠቆ ይሰቀል ከነበረበት ዘመን የቀረ አነጋገር ነው።

ደግሞ በሌላ በኩል አማርኛ የሚለየውን እንግሊዝኛ አይለየውም። እኛ ውሃ እናፈላለን፤ ዕንቁላል ግን እንቀቅላለን፤ እነርሱ ሁለቱንም «ቦይል» ይላሉ። እኛ ሸሚዝ እንለብሳለን፤ ጫማ እንጫማለን፤ ቀበቶ እንታጠቃለን፤ ቀለበት እናጠልቃለን፤ ባርኔጣ እንደፋለን፤ እነርሱ ይህን ሁሉ «ፑት ኦን» በሚል አንድ አነጋገር ይፈጽሙታል። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ «ፑት ኦን» የመልበሱን ድርጊት ብቻ ያሳያል፤ ለብሶ መዋል «ዌር» ነው። በአንጻሩ እኛ ሥጋውን በዘይት ብናደርገው፣ በከሰል ላይ ብናደርገው፣ ዳቦውንም በእሳት ብናሳየው ሁሉን «ጠበስን» እንላለን፤ እነርሱ የመጀመሪያውን «ፍራይ»፣ ሁለተኛውን «ግሪል»፣ ሦስተኛውን «ቶስት» ይሉታል፤ በምድጃ ውስጥ የሚጠበሰው ሥጋ ደግሞ «ሮስት» ነው። ቡና መቁላትም ይኸው «ሮስት» ነው። «ጠረገ» የሚለውም ግሥ እንዲሁ ነው። ቤት እንጠርጋለን፤ ጠረጴዛ እንጠርጋለን፤ አፍንጫም እንጠርጋለን። በመጥረጊያ ሲሆን «ስዊፕ»፣ በጨርቅ ሲሆን «ዋይፕ» ነው። ጠረጴዛውን «ስዊፕ» አድርጊ የተባለች ልጅ መጥረጊያ ይዛ ብትመጣ አይፈረድባትም።

«መሥራት» ለሚለው አንድ ቃላችን እንግሊዝኛ ሁለት አለው፤ «ዱ» እና «ሜክ»። በደንብ ባልተማረ አፍ ሁለቱ ሲምታቱ እንሰማለን። ዕቃ ማጠቡ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ካውያ መተኮሱ «ዱ» ነው፤ ሻይ ማፍላቱ፣ እራት መሥራቱ፣ አልጋ ማንጠፉ «ሜክ» ነው። አንዳንድ መምህራን «አዲስ ነገር የሚገኝበት ሥራ ሜክ ነው» ብለው ያስረዳሉ፤ ሻዩና እራቱ በዚህ ይስማማሉ፤ አልጋው ግን ከማታ ጀምሮ የነበረ ነው። ስለዚህ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ጥንድ አድርጎ ከነስሙ መያዝ ይሻላል።

እነዚህ ትንንሽ ግሦች እንደ ተራ ነገር የሚታለፉ አይደሉም። ቻርልስ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ብሎ ባወጣው ዕቅድ ቋንቋውን ወደ 850 ቃላት ዝቅ ሲያደርግ የመረጣቸው ግሦች 18 ብቻ ነበሩ። ከነዚያም መካከል «ፑት»፣ «ቴክ»፣ «ጌት»፣ «ሜክ» እና «ዱ» ይገኙባቸዋል። በሥዕል ሊታዩ የሚችሉ ብሎ ከለያቸው 200 ስሞች ውስጥ ደግሞ ባልዲው፣ ማንቆርቆሪያው፣ ማንኪያውና መጋረጃው አሉበት። የኦግደን ዕቅድ እርሱ እንዳሰበው የዓለም መግባቢያ አልሆነም፤ ነገር ግን ቤትን ለማስተዳደር የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ምን ያህል ትንሽ፣ ምን ያህልም ጠንካራ እንደ ሆነ አሳይቶናል። ቆሻሻውን ለማውጣት «ቴክ አውት»፣ ዕቃውን በቦታው ለማስቀመጥ «ፑት አዌይ» ካወቅን የደብዳቤ እንግሊዝኛችን የሚሰጠን ረዣዥም ግሥ ሁሉ በቤት ውስጥ አያስፈልገንም። እንዲያውም እንግዳ ተቀብሎ «ኮትዎን ያስወግዱ» በሚያሰኝ የደንብ ቃል መናገር ያሳፍራል።

እንግሊዝና አሜሪካም በቤት ቃል እንደማይስማሙ ማወቅ ይገባል። ዕቃ ከተበላበት በኋላ እንግሊዛዊው «ዋሽ አፕ» ቢላችሁ ሰሐኑን እጠቡ ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው በዚያው ቃል እጃችሁንና ፊታችሁን ታጠቡ ማለቱ ነው። የውሃው ቧንቧ ለአንዱ «ታፕ» ለሌላው «ፎሴት» ነው። ሌላውን ሰምታችሁ ትለምዱታላችሁ።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ ደግሞ አማርኛችን ከውጭ የተቀበላቸው ቃላት ራሳቸው ያታልሉናል። በየሳሎናችን ብርጭቆና ሰሐን የሚደረደርበትን ቁም ሣጥን «ቡፌ» እንለዋለን፤ በእንግሊዝኛ «ቡፌ» ተብሎ ዘወትር የሚሰማው ግን እንግዳው ራሱ እያነሣ የሚበላው ድግስ ነው። የኛው ቡፌ «ሳይድቦርድ» ይባላል። ላምባ ለእኛ ነዳጁ ነው፤ «ላምፕ» ግን መብራቱ ነው። ሙቀጫ በእንግሊዝኛ «ሞርታር» ነው ሲባል ወታደር የነበሩ አድማጮቻችን ሳይደነግጡ አይቀሩም፤ ሆኖም ስሙን የወሰደው መሣሪያው ከሙቀጫው ነው እንጂ ሙቀጫው ከመሣሪያው አይደለም። ዘነዘናው «ፔስል» ነው፤ በጽሑፍ በመካከሉ ያለችው ፊደል አትነበብም። ጭልፋ «ሌድል»፣ ወንፊት «ሲቭ» ነው።

እንጀራን፣ መሶብን፣ ጀበናን ግን ለመተርጐም አትድከሙ። እንጀራን «ፓንኬክ»፣ መሶብን «ባስኬት» የሚል ሰው እንግዳው የማያየውን ነገር አሳየሁ ብሎ ይሳሳታል። ስሙን በራሱ ስም ጠርቶ፣ ምን እንደ ሆነና ለምን እንደሚያገለግል በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይበቃል፤ «እንጀራ» የሚለው ቃልም ዛሬ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታውን ይዟል።

አሁን ወደ ቤቱ ሰዎች እንለፍ። «ቤተሰብ» ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው የቤት ሰው ማለት ነው፤ ከገጠር መጥታ የምትማረውን የእኅት ልጅ፣ አያቲቱን፣ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ዓመት አብራን የኖረችውን ሠራተኛ እንቆጥርበታለን። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃል አለው። በደምና በጋብቻ የተሳሰሩት «ፋሚሊ» ናቸው፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት ግን ዘመድ ቢሆኑም ባይሆኑም «ሀውስሆልድ» ናቸው። ቅጹ «ሀውስሆልድ» ብሎ ሲጠይቅ በናዝሬት የምትኖረውን እኅታችሁን አትቁጠሯት፤ «ፋሚሊ» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሠራተኛይቱን አታግቧት።

ይበልጥ አደገኛው «ወንድሜ» የሚለው ፍቅር ነው። እኛ አብሮን ያደገውን የአክስታችንን ልጅ ወንድሜ ብንል እውነት ተናገርን እንጂ አልዋሸንም። በእንግሊዝኛ ግን «ብራዘር» ከአንድ እናት ወይም ከአንድ አባት የተወለደ ነው፤ የአክስትም ሆነ የአጎት፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ «ከዝን» በሚለው አንድ ቃል ይጠራሉ። ይህ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩበት። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለአገሩ ዜጋ ወንድምና እኅት የመግቢያ መደብ ሲሰጥ ለአክስትና ለአጎት ልጅ አልሰጠም። አንድ ሰው በቅን ልቡና በአንዱ ቅጽ ላይ «ብራዘር» ብሎ የጻፈውን በሌላው «ከዝን» ብሎ ቢጽፈው፣ መዝገቡን የሚመረምረው ሹም የሚያየው ሁለት የማይስማሙ ቃላት ነው፤ በመካከላቸው ያለውን አብሮ ማደግ፣ አንድ መሶብ መቅረብ አያየውም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየቀኑ የሰው ቅጽ ስለምንመረምር ይህ እንዴት እንደሚታይ እናውቀዋለን።

በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ አንድ የሆነውን «ሀፍ ብራዘር» ይሉታል፤ ቃል በቃል ግማሽ ወንድም ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ስድብ ይመስላል። እነርሱ ግን የትውልዱን ነገር መግለጫ አድርገው እንጂ ፍቅሩን ለመስፈር አይናገሩትም፤ ስለዚህ ቅጹ ከጠየቀ ያለ ቅሬታ መጻፍ ነው። የእንጀራ እናትና የእንጀራ አባት ደግሞ «ስቴፕ» የሚል ቃል ከፊታቸው ይጨመርባቸዋል። ይህ ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ወላጅ ማጣትን የሚያመለክት ነበር። እነርሱ ዝምድናውን በሞተው ሰው ሰየሙት፤ እኛ በሚቀርበው እንጀራ። የኛው ይሻላል ብል አድልዎ ይሆንብኛል፤ ግን የኛው ይሻላል።

ያሳደግነውን ልጅ ሁሉ «አዶፕትድ» ነው ብሎ መጻፍም አይገባም። «አዶፕትድ» በሕግ ፊት የተፈጸመ፣ ሕጋችንም ከኦሮምኛ በተቀበለው ቃል ጉዲፈቻ የሚለው ነው፤ ወረቀት ይጠየቅበታል። እንዲያው በዝምድና ወስደን ያሳደግነው ከሆነ «ያሳደግሁት የወንድሜ ልጅ» ብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መግለጥ ይሻላል። የወንድም ልጅና የእኅት ልጅ ብለን እኛ የምንለየው በወላጁ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚለየው በልጁ ነው፤ ወንድ ቢሆን «ኔፊው»፣ ሴት ብትሆን «ኒስ»። ስለዚህ «የእኅቴ ልጅ» የሚለውን ለመተርጐም ልጁ ወንድ ይሁን ሴት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አያትም እንዲሁ ነው፤ አማርኛው አንድ፣ እንግሊዝኛው ሁለት።

ለጋብቻ ዘመድ አማርኛ ሀብታም ነው፤ አማት፣ አማች፣ ምራት፣ ዋርሳ እያለ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል። እንግሊዝኛ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እኅት ከሚሉት ኋላ «ኢን ሎው» እያለ «በሕግ» የሚል ቅጥያ ያስከትላል። ይህ ሕግ መጀመሪያ የመንግሥት ሕግ አልነበረም፤ በጋብቻ የተዛመዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዳይጋቡ የሚከለክለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነበር። ለአበልጅ ግን ዛሬ በእንግሊዝኛ የዕለት መጠሪያ የለም። ጥንት ነበር፤ «ጎድሲብ» ይባል ነበር፤ የክርስትና ዘመድ ማለት ነው። እየቆየ የቅርብ ወዳጅ ማለት ሆነ፤ ከዚያም ወዳጆች ተቀምጠው የሚያወሩት የሰው ሐሜት ማለት ሆነና ዛሬ «ጎሲፕ» የምንለው ቃል ተገኘ። አበልጆቻችን ይህን ሲሰሙ እንዳይቀየሙ አደራ።

ሁለቱ ቋንቋዎች በማይጠበቅ ቦታ የሚገናኙበትም አለ። «ባለቤቴ» ስንል ባልን ወይም ሚስትን በአክብሮት እናነሣለን። እንግሊዞችም ባልን «ሀዝባንድ» ይሉታል፤ ቃሉ ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች የጥንት ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የቤት ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው። ልዩነቱ የኛው ለሁለቱም ሲያገለግል የእነርሱ ለወንዱ ብቻ መቅረቱ ነው። «ሎርድ» እና «ሌዲ» የሚሉት የመሳፍንት ማዕረጎች እንኳ ሥራቸው ከማድ ቤት ነው፤ የመጀመሪያው እንጀራ ጠባቂ፣ ሁለተኛዋ ሊጥ አቡኪ ማለት ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በቤት ውስጥ ከቃላቱ በላይ የሚያስፈልገው አክብሮት ነው። አማርኛ አክብሮቱን በግሡ ውስጥ ይዞታል፤ «ውሃ ያምጡልኝ» ስንል «እባክዎ» ባንጨምርበት እንኳ ትሕትናው ተሰምቷል። እንግሊዝኛ ለአያቱም ለሕፃኑም «ዩ» ስለሚል ትሕትናውን በሌላ መንገድ ያመጣዋል፤ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ ይለውጠዋል። «ብሪንግ ሚ ዎተር» ማለት በትክክለኛ ሰዋስው የተነገረ ብልግና ነው። «ኩድ ዩ ብሪንግ ሚ ሰም ዎተር፣ ፕሊዝ» ሲባል ግን «ያምጡልኝ» የሚለውን ያህል ይሆናል። በአገሩ ጨዋ ተብሎ የሚከበር ሰው በሰው ቤት ገብቶ እንደ ባለጌ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ እንዴት እንማር? ለሁለት የተከፈለውን ደብተር ትተን ቃሉን ከነሥራው እንያዘው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቮልፍ ሌስላው ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ የሚያሳይ ስለ ሆነ ለዚህ በጣም ይረዳል። በዚያው ዓመት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር በአዲስ አበባ ያወጡት መዝገበ ቃላትም በብዙ ቤት ይገኛል። መጽሐፉን ግን በመደርደሪያ ላይ ሳይሆን በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በሳምንት አንድ ሥራ ምረጡ፤ አንዱን ሳምንት ዕቃ ማጠብ፣ ሌላውን አልጋ ማንጠፍ ይሁን፤ ሥራውን እጃችሁ ሲሠራ አፋችሁ በእንግሊዝኛ ይናገረው። «አጥባለሁ፤ አለቀልቃለሁ፤ አደርቃለሁ፤ በቦታው አስቀምጣለሁ» እያላችሁ በቅደም ተከተል ብትሉት አራት ግሥ በአንድ ማታ ይገባል። አባወራው እጁን ሳያረጥብ ቃሉን ብቻ ልማር ቢል ግን አይሆንለትም፤ ወይዘሮዎቹ በዚህ የሚስማሙ ይመስለኛል።

ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የያዙትን ቃል ከእነርሱ ለመማር አትፈሩ። እነርሱ «ሲንክ»ን ያውቁታል፤ እናንተ ደግሞ ዋርሳ ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ተለዋወጡ። አሁን በከተማችን ብዙ ልጆች የአባታቸውን እኅትም፣ የእናታቸውን ጓደኛም፣ የጎረቤቷንም ሴት በአንድነት «አንቲ» ሲሉ እሰማለሁ። «አንቲ» ማለታቸው አያስከፋኝም። ነገር ግን ልጁ ከሦስቱ መካከል አክስቱ የትኛዋ እንደ ሆነች ሳያውቅ ቢያድግ፣ በእንግሊዝኛ የሚጠይቀውንም ቅጽ በአማርኛ የሚጠይቀውንም ሽማግሌ በትክክል ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የዘመዶቻችሁን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ መጀመሪያ የአማርኛውን የዝምድና ስም፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን አድርጉ። የማይገጥም ስታገኙ በቃል አትሙሉት፤ በዓረፍተ ነገር አስረዱት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ገበያና ስለ ሱቅ ቃላት እንነጋገራለን፤ የሚዛንና የመስፈሪያ ስሞች ስላሉበት እርሳስና ወረቀት አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።